ጭቃውን ከመዛቅ በፊት

ናሚቢያ ውስጥ ዋልቪስ ቤይ የሚኖሩ ሰዎች አንዳንድ ቀን ከባሕሩ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ይመጣባቸዋል። ሽታው የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ሲብስ ዓሣ ይፈጃል፤ ሎብስተሮችም አየር አጥሯቸው ወደ ዳር ይወጣሉ።

መርዙ የሚመነጨው ከባሕሩ ወለል ነው። እዚያ በንጥረ ነገር የበለጸገ ቀዝቃዛ ውኃ ከሥር ወደ ላይ ስለሚወጣ አልጌ የተባለ ደቃቅ የውኃ ዕፅ በገፍ ይበቅላል። ሲሞት ወደ ታች ሰምጦ ይበሰብሳል፤ ኦክስጅኑም ያልቃል። ያኔ በኦክስጅን ፋንታ ሰልፌት የተባለ የድኝ ውሁድ የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች ይነግሣሉ፤ የሚያስወጡትም ያንን ጋዝ ነው።

ታዲያ ሽታው በየቀኑ የማይመጣው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት እዚያው ጭቃው ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ጀርመናዊቷ ተመራማሪ ሃይደ ሹልዝ በዓይን የሚታይ ባክቴሪያ አገኙ። ትልቁ 0.75 ሚሊሜትር ይደርሳል። ስሙ ቲዮማርጋሪታ ናሚቢየንሲስ ነው፤ የናሚቢያ የድኝ ዕንቁ እንደ ማለት።

ይህ ፍጡር ሰልፋይዱን ወደ ድኝ የሚለውጠው ናይትሬት በተባለ የናይትሮጅን ውሁድ ነው። ችግሩ ግን ሰልፋይዱ ጭቃው ውስጥ፣ ናይትሬቱ ደግሞ ከላይ ውኃው ውስጥ ነው። እሱ ራሱ መንቀሳቀስ አይችልም። ስለዚህ ይጠብቃል። ጭቃው ሲናወጥና ውኃው ሲነካው ናይትሬቱን ይሰበስባል፤ መጠኑ ከባሕሩ ውኃ 10,000 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ከዚያ ለወራት ከስንቁ እየቆነጠረ ይኖራል። እኔ በጣም የምገረመው በዚህ ትዕግሥቱ ነው።

በቺሊና በፔሩ ዳርቻ ያለው ዘመዱ ቲዮፕሎካ ደግሞ ራሱ ወደ ላይ ወጥቶ ናይትሬቱን ይዞ ይወርዳል። ናይትሬቱንም ወደ ሌላ የናይትሮጅን ውሁድ፣ ወደ አሞኒየም ይለውጠዋል። አሞኒየም ባሕሩ ውስጥ ይቀራል፤ ተመልሶ አልጌ ይመግባል። ሌሎች ባክቴሪያዎች ግን ናይትሬትን የናይትሮጅን ጋዝ አድርገው ወደ አየር ይሸኙታል። የድኙን ነገር ሳያውቁ የናይትሮጅኑን መጨረሻ ማወቅ አይቻልም።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። የናሚቢያን የባሕር ወለል ለፎስፌት የመዛቅ ዕቅድ ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል፤ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2013 ለ18 ወራት አግዶት ነበር። የማዳበሪያ ዋጋ የሚያሳስበን ሰዎች ፎስፌት ለምን እንደሚፈለግ ይገባናል። ግን እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት እነዚሁ ባክቴሪያዎች ፎስፌት እያስወጡ ማዕድኑ እንዲፈጠር እንደሚያግዙ አሳይቷል። ስለ ዓሣው መጨነቅ ትክክል ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ለማንም ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የጭቃው ሰልፋይድና ናይትሬት በየወቅቱ፣ ቢያንስ ለጥቂት ዓመታት ይለካ። ባክቴሪያዎቹም ይቆጠሩ።