አልታየም!

ሌላ አገር ያለች ሙሽራ ጌጧን ራሷ ትመርጣለች ይባላል። ምስኪን! የቀሚሷን አንገት አይታ፣ የሥራዋን ጠባይ አስባ፣ «ለኔ ቀጭን ሐብል ይበቃኛል» ብላ ለብቻዋ ትወስናለች። ከጎኗ አንዲት አክስት እንኳ የለችም። እኛ ግን ተመስገን ነው። አዲስ አበባ የምታገባ ልጅ ስለ ወርቋ የምትጨነቅበት ምክንያት የለም። የሚጨነቁላት ሞልተዋል። ዛሬ እነሱን ላመስግን።

ወደ ፒያሳ ወርቅ ቤቶች የሚሄደውን ልዑክ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሙሽራው አለ፤ ገንዘቡ የሱ ስለሆነ ዝም ይላል። እናቱ አሉ። እህቱ አለች። አንደኛ ሚዜው አለ። «ወርቅ እኔን ጠይቁኝ» የሚሉ አንድ አጎትም አይጠፉም። ሙሽራዋም ትመጣለች፤ አንገት ይዞ የሚመጣ ሰው ያስፈልጋላ! ባለሱቁ ሐብሉን ሲያጠልቅላት ሁሉም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ። ከሩቅ ይታይ እንደሆነ ማረጋገጥ አለባቸዋ። «ያምርባታል ወይ?» የሚለው ጥያቄ እስካሁን ከሱቁ በር አልገባም።

አጎትየው የሚያምኑት በግራም ብቻ ነው። ባለ 18 ካራት ወርቅ ከመቶ 75 እጁ ብቻ ወርቅ መሆኑን፣ የቀረው መዳብና ብር ምናምን መሆኑን ቢነግሯቸው ደስ አይላቸውም። 30 ግራም ከተባሉ 30 ግራም ወርቅ ነው። «22 ተኩል ግራም ንጹሕ ወርቅ ገዛን» ብሎ ማውራትስ ለጆሮ ምን ይመቻል? ዱባይ ወይም ሪያድ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ባለ 21 ያስመጣል። ቢጫነቱ ዓይን ይወጋል። የላከችው እህት ስንት ዓመት የሰው ልብስ ስትተኩስ እንደኖረች የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው «ስንት ግራም ላከች?» ነው።

የምርጫው ጥበብ በደንብ የሚፈተነው ግን ጥሎሽ ዕለት ነው። ሻንጣው ይከፈታል። ሚዜው ካባውን ያነሳል፣ ቀሚሱን ያነሳል፣ ጫማውን ያነሳል። «ታየ?» ይላል። «አልታየም!» ይላል የሴቷ ወገን። እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነው፤ የቆየ፣ የሚጣፍጥ ጨዋታ። ወርቁ ጋ ሲደረስ ግን ጨዋታው ያበቃና ኦዲት ይጀመራል። ከኋላ የተቀመጡት እትዬ መነጽራቸውን ከቦርሳ ያወጣሉ። ስልኮች ይነሳሉ። ሚዜው ሐብሉን ወደ ግራ ያዞራል፣ ወደ ቀኝ ያዞራል። «አልታየም!» ወንበር ላይ ይወጣል። «አልታየም!» ጉትቻው ትንሽ ከሆነማ እውነትም አልታየም። ብልህ የወንድ ወገን ይህን ቀድሞ ስለሚያውቅ ትንሿን ጉትቻ ቀይ ከፋይ በለበሰ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣታል። ቢያንስ ሳጥኑ ይታያል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሙሽራዋ ጓዳ ናት። በዚያ ቤት ስለ ወርቁ አስተያየት ያልሰጠ አንድ ሰው ቢፈለግ የሚገኘው እዚያ ነው።

በነገራችን ላይ አያቶቻችን በዚህ በኩል በጣም ኋላ ቀር ነበሩ። 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት ያለበትን የማርያ ቴሬዛ ብር ለአንጥረኛ ሰጥተው መስቀል፣ አልቦና ቀለበት ያሠሩ ነበር። ከዚያ ምን ያደርጉታል? ያደርጉታል! ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ፣ ለቅሶ፣ ሁሉም ቦታ። መስቀሉ ጠርዙ እስኪያልቅ አንገታቸው ላይ ይውላል። ጌጥን አድርጎ ማስረጀት! እኛ እንዲህ ያለ ብክነት አናውቅም።

የኛ ምርጫ ከሙሽራዋ ኑሮ ጋር እንዴት እንደሚሄድም ልንገራችሁ። ልጅቷ ነርስ ናት እንበል። በቀን ስንቴ ጓንት ታጠልቃለች፣ ታወልቃለች። ስለዚህ ድንጋዩ ወደ ላይ የሾለ ቀለበት ይመረጥላታል፤ ጓንት እንዲቀድድ። ማታ ሊጥ ታቦካለች፤ ስለዚህ አምባሩ ሰፊና ውስጡ የተፈለፈለ ይሁን፤ ሊጡም ድርሻውን ይውሰድ። ወደ ሥራ የምትሄደው በታክሲ ነው፤ ስለዚህ ሐብሉ ሞተረኛ ቀማኛ ከሩቅ የሚለየው ዓይነት ይሁን። ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በኋላ ይህ ሁሉ ወርቅ ቁምሳጥን ውስጥ በአንሶላዎች መሐል ይተኛል። ለአንሶላዎቹ በጣም ይስማማቸዋል።

ቬሎ የሚለበስበት ቀን ሌላ ጌጥ አለው። ቬሎው ነጭ ስለሆነ ጌጡም ነጭ መሆን አለበት ተብሏል። እውነተኛ ነጭ ወርቅ ውድ ነው፤ ስለዚህ የሚያብለጨልጭ ርካሽ ነገር ይገዛል። ውስጡ ኒኬል ካለና የልጅቷ ቆዳ ኒኬል የማይወድ ከሆነ ጆሮዋ ወዳጅነት ፓርክ ፎቶ ላይ ይቀላል። ግድ የለም፤ ፎቶ አንሺው ያስተካክለዋል።

የመልስ ዕለት የሚታየውን ግርማ ሳላደንቅ አላልፍም። ከሹሩባው ግንባሯ ላይ የሚወርደው፣ ከአንገቷ እስከ ደረቷ የተደረደረው፣ ልጅቷን ቀና እንዳትል ያደረጋት ጌጥ ብዙ ጊዜ የኪራይ ወርቅ ቅብ ነው። በማግስቱ ሌላ አንገት ይጠብቀዋል። ኪራይ የናቀ ቤተሰብ ከዘመድ ይዋሳል። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚባለው ግን እዚህ አይሠራም፤ ያዋሰችው የአክስት ልጅ ድግሱ እስኪያልቅ ዓይኗን ከሙሽራዋ አንገት ላይ አትነቅልማ። ክትፎው እንኳ አያታልላትም።

ወርቅ ተወደደ ብለው የሚያማርሩ ሰዎች አሉ። እርግጥ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ ወርቅ ቤት መግባት ድፍረት ይጠይቃል። በ2018 መግቢያ ላይ ደግሞ አንድ አውንስ (31 ግራም ገደማ) ወርቅ በዓለም ገበያ ከ4000 ዶላር አለፈ። ታዲያ ምን ይሁን? ዕቁብ ለምን ተፈጠረ? ሙሽራው ዳኛውን ለምኖ መጀመሪያ ይወስዳል። ከዚያ ጫጉላው አልፎ፣ ልጅ ተወልዶ፣ ክርስትና ተነስቶም ዕቁቡን ይጥላል። ወርቁን ሸጬ ዕዳዬን ልክፈል ቢል ባለሱቁ በግራም ብቻ ይገዛዋል። ያ ሁሉ ሰው ተሟግቶ የመረጠው አበባ ቅርጽ፣ የአንጥረኛው የእጅ ዋጋ፣ ሚዛኑ ላይ አይቆጠርም።

እሱም ቢሆን መሸጥ የሚችለው እሷ ከፈቀደች ነው። የቤተሰብ ሕጉ በጋብቻው ቀን የነበራትንና በስጦታ ያገኘችውን የግል ሀብቷ ነው ይላል። ይህን አንቀጽ ግን ታናሽ ወንድሙ ሲያገባ ማስታወስ ነውር ነው። «ያ ሐብልሽ ለጥሎሹ ብቻ፣ ለአንድ ቀን» ትባላለች። ሐብሉም እንደገና ወንበር ላይ ይወጣል።

ለቀጣዩ ወቅት አንድ ሐሳብ ብቻ አለኝ። በጓዳና በሳሎን መሐል ይህን ያህል ከሚጮህ ሚዛን ይቅረብ። ሽማግሌዎች ከመረቁ በኋላ ሚዜው ግራሙን፣ ካራቱንና የደረሰኙን ቁጥር በማይክ ያንብብ። ክርክር ካለ አጎትየው ይዳኙ። ሙሽራዋን ምን ዓይነት ጌጥ እንደምትወድ መጠየቅ የሚፈልግ ሰው ካለም ይፈቀድለት፤ ኬክ ከተቆረሰ በኋላ፣ ሰዓት ከተረፈ፣ ዲጄው ካልጀመረ።