የማኩዋ ሸለቆ ይመለስ ወይስ በጦሩ እጅ ይቆይ? የሰበታዋና የለገጣፎው ክርክር

ጥያቄው አንድ ነው፦ የአሜሪካ ጦር ሃዋይ ውስጥ የያዘውን የማኩዋ ሸለቆ ሙሉ በሙሉ ለቆ ለአገሬው ሰው ይመልስ ወይስ በእጁ ይቆይ? ይመለስ የምትለው ሰበታ ተወልዳ ያደገች አስተማሪ ናት። ይቆይ የሚሉት ለገጣፎ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የምድር ጦር መቶ አለቃ ናቸው። ከአዋጆቹ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የሰበታዋ፦

ጋሼ ሰላም ለርስዎ ይሁን። ታሪኩን ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ ባጭሩ ላስቀምጠው። ማኩዋ ሆኖሉሉ ያለችበት የኦዋሁ ደሴት ምዕራብ ዳር ላይ ያለ ሸለቆ ነው፣ ከኋላው ቀጥ ያለ ተራራ ከፊቱ ባህር፣ ጦሩ የያዘው 4,190 ኤከር ነው በኛ ልኬት 42 ጋሻ ገደማ ይሆናል። ሰዎቹ ዓሣ እያጠመዱ ጎደሬ እየተከሉ ይኖሩበት ነበር፣ ቤተክርስቲያንም መቃብርም ነበራቸው። ዲሴምበር 1941 ጃፓን ፐርል ሃርበርን ስትመታ ጦሩ ሸለቆውን ያዘ፣ በ1942 ነዋሪውን አስወጣ፣ መሬቱ ጦርነቱ ባለቀ በስድስት ወር ውስጥ ይመለሳል ተባለ። ጦርነቱ 1945 ላይ አለቀ። ስድስት ወሩ አልፎ ዓመት ሆነ፣ ዓመቱ አስር ሆነ፣ ከዛ በ1964 ጭራሽ 782ቱን ኤከር ከሃዋይ ስቴት ለ65 ዓመት ተከራዩት፣ ኪራዩ ስንት ነው ካሉኝ አንድ ዶላር፣ በዓመት አይደለም ለ65ቱም ዓመት አንድ ዶላር። ቀሪው ሰፊው ክፍል በፌደራል መንግስቱ እጅ ነው ያለው። ቤተክርስቲያኑን ደግሞ የቦምብ መለማመጃ ኢላማ አድርገው አፈረሱት። እኔ የምለው ቀላል ነው፣ በጦርነት ሰበብ በቀን ገደብ የተወሰደ መሬት ገደቡ ሲያልፍ ይመለሳል፣ 80 ዓመት አልፎታል ይመለስ።

የለገጣፎው፦

ልጄ አቀራረብሽ ጥሩ ነው ግን ግማሹን ትተሽዋል። መጀመሪያ ነገር ያ ሸለቆ ጦሩ ከመግባቱ በፊት የገበሬ ማህበር መሬት አልነበረም፣ አብዛኛው በአንድ ትልቅ ከብት አርቢ ሊዝ ስር ነበር፣ እዛ የሚኖሩት ሰዎች ብዙ አልነበሩም። ሁለተኛ ሃዋይ ከ1959 ጀምሮ 50ኛው የአሜሪካ ስቴት ነው፣ ስለዚህ የውጭ ጦር የሚባለው ነገር እዚህ ጋ አይሰራም፣ የራሱ አገር ጦር ነው በራሱ አገር የሰፈረው።

ሶስተኛ እኔ ወታደር ነበርኩ፣ ተኩስ ሜዳ የሌለው ጦር ጦር አይባልም። እዛው ኦዋሁ ላይ ስኮፊልድ ካምፕ ያለው የአሜሪካ 25ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ኢራቅም አፍጋኒስታንም ዘምቷል፣ በእውነተኛ ጥይት ሳይለማመድ የሄደ ልጅ ሬሳው ነው የሚመጣው፣ ይሄን ያየ ሰው ስለ ተኩስ ሜዳ በቀላሉ አያወራም። ደሴት ላይ ደግሞ የትም ሄደሽ ሜዳ አታገኚም። በዛ ላይ እኮ ማኩዋ ውስጥ ከ2004 ወዲህ በእውነተኛ ጥይት አልተተኮሰም፣ ዲሴምበር 2023 ላይ ደግሞ ለዘለቄታው አቁመናል ብለዋል። ታዲያ ጥይቱ ከቆመ ምን ቀረ?

የሰበታዋ፦

አጥሩ ቀረ ጋሼ። ጥይቱም በደግነት አልቆመም፣ ማላማ ማኩዋ የሚባል የነዋሪዎች ማህበር ኧርዝጀስቲስ ከሚባል የአካባቢ ጥበቃ የሕግ ድርጅት ጠበቆች ጋር ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተንከራቶ ነው ያስቆመው። በ2001 በተደረገው ስምምነት በወር ቢያንስ ሁለት ቀን ገብተው አምልኳቸውን እንዲያደርጉ ተፈቀደላቸው፣ ግን አገባቡን አስቡት፣ ቀድሞ ፈቃድ ተጠይቆ፣ በጦሩ አጃቢ፣ ካልፈነዳ ተተኳሽ በጸዳ መንገድ ላይ ብቻ እየሄዱ ነው። የአያትን መቃብር ለመሳለም አስፈራሚና አጃቢ ማለት ነው።

ስለ 1959 የነገሩኝን ልመልስ። ስቴት ከመሆኑ በፊት ምን ነበር? የራሷ ንግስት የነበራት መንግስት ነበረች፣ በሌላ አገር የታወቀች ውል የምትዋዋል። ጃንዋሪ 1893 የሸንኮራ ነጋዴዎች ንግስት ሊሊኡኦካላኒን ሲገለብጡ ከአሜሪካ መርከብ የወረዱ ማሪን ወታደሮች ሆኖሉሉ ውስጥ ጠመንጃ ይዘው ቆመው ነበር፣ በ1898 ተጠቀለለች። ይሄን እኔ ፈጥሬ አይደለም፣ በ1993 የአሜሪካ ኮንግረስ ራሱ ይቅርታ ጠይቆበት ፕሬዝዳንት ክሊንተን ፈርሞበታል። ከአድዋ በሶስት ዓመት ብቻ ይቀድማል እኮ፣ አድዋ ላይ ተሸንፈን ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንዱ ተነስቶ የራሳችሁ ጦር ነው ምን አስጨነቃችሁ ይለን ነበር።

የለገጣፎው፦

አድዋን ካነሳሽ ዝም አልልም። እኛ ተሸንፈን አልነበረም ግን የውጭ ካምፕ አስተናግደናል፣ በፈቃዳችን። አስመራ የነበረውን የአሜሪካ ጦር የመገናኛ ጣቢያ ቃኘው ስቴሽንን አስታውሽ፣ በ1953 ለ25 ዓመት ተፈራርመን የሰጠነው ነው። በምትኩ አሜሪካ ሠራዊታችንን አሰለጠነ፣ አስታጠቀ፣ የደብረዘይት አየር ኃይል ኤፍ 5 ጄት ያገኘው ከዛ ወዳጅነት ነው፣ በ1977 የሶማሊያን ሚግ ሰማይ ላይ የመቱትም እነዚያው ጄቶች ናቸው። ያኔ ማንም መሬታችን ሄደ ብሎ አላለቀሰም፣ ውሉ ጥሩ ነበርና። ጅቡቲን እዪ፣ እዛ ያላቸውን የጦር ሰፈር ሌሞኒየር ካምፕን ውል በ2014 ሲያድሱ አሜሪካኖቹ በዓመት ወደ 63 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ነው የተስማሙት። በአንድ ዶላር የፈረመው የሃዋይ ስቴት አስተዳደር ሆኖ ሳለ ለምን ጦሩ ላይ ብቻ እንጮሃለን? ችግሩ ውሉ ላይ ከሆነ ውሉ ይስተካከል፣ ተገቢው ኪራይ ይከፈል፣ ለነዋሪው ይድረስ።

ሌላው እውነቱን እንነጋገር፣ አንቺም እኔም የምንኖረው አዲስ አበባ ዳር ላይ ነው። ባዶ መሬት ማን እንደሚበላው በዓይናችን አይተናል። ለገጣፎ እኔ ስገባ የጤፍ ማሳ የነበረው ዛሬ ቪላ በቪላ ነው፣ ሪል እስቴቱ ከዚህ እስከ ሰንዳፋ እየገፋ ነው። ኦዋሁ ደግሞ ዋይኪኪ የሚባለው የቱሪስት ባህር ዳርቻ ያለበት ደሴት ነው፣ ባህር ዳር ያለ መሬት ዋጋው የት እንደሆነ ገምቺ። ጦሩ ያን ሸለቆ አጥሮ ባይቀመጥ ኖሮ ዛሬ ጎደሬ የሚተከልበት ይመስልሻል? ሆቴልና ጎልፍ ሜዳ ነበር የሚሆነው። አሁን ግን ሊጠፉ የተቃረቡ ከ40 በላይ የእጽዋትና የእንስሳት ዝርያዎች አሉበት፣ ጦሩ በራሱ በጀት ባለሙያ ቀጥሮ ፍየልና አሳማ እንዳይገባ እያጠረ ይጠብቃቸዋል።

ዋናው የሚያስጨንቀኝ ነገር ግን ሌላ ነው። ተኩስ ሜዳ ላይ ሞርታር ስትተኩሺ ሁሉም አይፈነዳም። ረግረግ ላይ ወይ ለስላሳ አፈር ላይ ያረፈ እንደሆነ ፊውዙ የሚመታው ጠንካራ ነገር አያገኝም፣ ሰርስሮ ይገባና ይቀመጣል። ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው ወደላይ ይወጣል፣ ዝጎ ሲያዩት ተራ ብረት ይመስላል፣ ህጻን ልጅ ለቁራሌው ልሸጠው ብሎ ያነሳዋል። እኛ አገር በዚህ መንገድ ስንት እጅና እግር እንደተቆረጠ አትነግሪኝም አውቀዋለሁ። ኬንያ ሰሜኑ ላይ አርብቶ አደሮቹ በእንግሊዝ ጦር መለማመጃ አካባቢ ካልፈነዱ ተተኳሾች ጋር በተያያዘ ሲሞቱና ሲጎዱ ኖረው በ2002 የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር 4.5 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሏል። ማኩዋ ውስጥ ደግሞ ለ60 ዓመት ገደማ ተተኩሷል፣ ከመርከብም ከአውሮፕላንም። ይሄን መሬት ዛሬ መልሱ ብሎ ለሲቪል መስጠት ሰውን መግደል ነው። ጦሩ ይቆይ የምለው ማጽዳት የሚችለው፣ መሳሪያውም ካርታውም ያለው እሱ ስለሆነ ነው።

የሰበታዋ፦

የመጨረሻው ነጥብዎ ከባድ ነው፣ በቀልድ አልመልሰውም። ግን ከቃኘው ልጀምር። ኤፍ 5ቶቹ ተዋግተዋል እውነት ነው፣ ግን አሜሪካ ፌብሩዋሪ 1977 እርዳታውን ቀነሰች፣ ደርግ ደግሞ በዛው ሰሞን ቃኘውን ዘጋ፣ ሶማሊያ ጁላይ ላይ ስትገባብን መለዋወጫውም የጠበቅነው መሳሪያም አልመጣም፣ የደረሱልን ሶቪየትና ኩባ ናቸው። ካምፕ አስተናግደህ የምታገኘው ወዳጅነት እንዲህ ነው፣ የነሱ ፖለቲካ ሲቀየር ያንተ ጦርነት መሃል ላይ ይቋረጣል። የጅቡቲውም 63 ሚሊዮን መንግስት ጋ ነው የሚገባው።

ኪራይ ይስተካከል ላሉት ደግሞ እኔ ስለ ገንዘብ ሳስብ የማየው የአጎቴን ማሳ ነው። በመሬት ማስለቀቂያው 455/1997 አዋጅ ጊዜ ነው የተወሰደው፣ ገማቾቹ መጡና ባህር ዛፉን አንድ ሁለት እያሉ ቆጠሩ፣ ትልቁን ለብቻ ትንሹን ለብቻ፣ የአጥሩን ቆርቆሮ ለኩ፣ የአምስት ዓመት የምርት አማካይ በአስር ተባዛ፣ የመሬቱ ዋጋ ግን ዜሮ፣ ምክንያቱም መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው። ገንዘቡን ይዞ ከተማ ገባ፣ ነግዶ አያውቅም፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አለቀ፣ አሁን እዛው መሬቱ ላይ የተሰራ ግቢ በር ላይ ዘበኛ ነው። በ1161/2011 አዋጅ አስሩ ወደ አስራ አምስት ከፍ ብሏል፣ ጥሩ ነው፣ ግን አስራ አምስትም ይሁን ሃያ ቢያባዙት መሬት ላይ የቆመ ኑሮ በቼክ አይመለስም። ስለዚህ የማኩዋ ሰው ኪራይ ከፍ ይበልልኝ ሳይሆን መሬቴን ስጡኝ ሲል ይገባኛል። ብዙ አልነበሩም ላሉት ደግሞ ከብት አርቢው ሊዝ ስለነበረው የሌላው ቤትና መቃብር የሱ አይሆንም፣ ሰበታም አንድ ገበሬ ብቻ ሲነሳ ትንሽ ነው ይባል ነበር፣ እንዲህ አንድ በአንድ ነው ሁሉም የተነሳው።

የዱሩን ጥበቃ በተመለከተ ጁላይ 2003 ላይ ጦሩ ራሱ ሳር ልጥረግ ብሎ የለኮሰው እሳት ከቁጥጥር ወጥቶ የሸለቆውን ግማሽ ያህል በልቶታል። የሚጠብቀውና የሚያቃጥለው አንድ ነው እንግዲህ።

ሪል እስቴት ይበላዋል የሚለው ስጋትዎ የኔም ስጋት ነው፣ ግን መልስ አለው፣ እዛው ሃዋይ ውስጥ። ካሆኦላዌ የምትባል ሙሉ ደሴት ነበረች፣ እሷንም በዛው በ1941 ወስደው እስከ 1990 ቦምብ ሲያወርዱባት ኖሩ። ወጣቶች በጀልባ እየገቡ ተቃወሙ፣ በ1977 ሁለቱ ባህር ላይ ጠፍተው ቀሩ። በመጨረሻ ተመለሰች፣ ስትመለስ ግን በሃዋይ ህግ ንግድ እንዳይካሄድባት ተከለከለ፣ ሆቴል የለም ጎልፍ የለም፣ የአገሬው ተወላጅ መንግስት እስኪቋቋም ስቴቱ በአደራ ይይዛታል ተባለ። ስለዚህ ወይ ጦር ወይ ሆቴል የሚባል ምርጫ የለም።

የለገጣፎው፦

ካሆኦላዌን ራስሽ ካነሳሽው ልጨርስልሽ። ለማጽዳት 400 ሚሊዮን ዶላር መድበው አስር ዓመት ሰሩ፣ 2004 ላይ ሲያቆሙ ከደሴቲቱ ሩብ የሚሆነው የመሬቱ ላይ ላዩ እንኳ አልጸዳም ነበር፣ ከመሬት ስር ያለውማ ባብዛኛው እንዳለ ነው። ባህር ኃይሉ ገንዘቡ አለቀ ብሎ ሄደ። የቀረውን ማን ያጽዳ? ስቴቱ አቅም የለውም። እኔ የምፈራው ይሄን ነው፣ ወታደር ከለቀቀ በኋላ ተመልሶ እንዲመጣ የሚያስገድደው የለም፣ ግቢው በእጁ እያለ ነው ሃላፊነቱም በእጁ የሚሆነው። መጀመሪያ ጸድቶ፣ ሜትር በሜትር ተፈትሾ፣ ሃያም ሰላሳም ዓመት ይፍጅ፣ ከዛ በኋላ ስለ ባለቤትነት እንነጋገር። ከዛ በፊት ፊርማ አይሰጥም።

የሰበታዋ፦

ጋሼ፣ ከዛ በኋላ እንነጋገር የሚለውን ቃል እነዚህ ሰዎች 1945 ላይ ሰምተውታል። ባለቤትነቱ ቀድሞ ይተላለፍ፣ የማጽዳት ግዴታው ጦሩ ላይ በህግ ይጻፍ፣ በጀቱ ይቀመጥ፣ እስኪጸዳ ሰው አይግባ ከተባለም የማይገባው በባለቤቱ ውሳኔ ይሁን። ባለቤት ያለው መሬት ላይ ያልጸዳ ፈንጂ ቢገኝ ከሳሽ አለ። ጦሩ ራሱ በያዘው ግቢ ውስጥ ግን ለምን ዘገየህ ብሎ የሚከሰው ማነው? የ782ቱ ኤከር ኪራይ በ2029 ያልቃል፣ ያኔ ቁልፉ ለነዋሪው ይሰጥ፣ ቀሪውንም ፌደራሉ ይጨምርበት።

የለገጣፎው፦

ግዴታውን በህግ አስጽፈሽ በጀቱን በዝግ ሂሳብ ካስቀመጥሽልኝ 782ቱ ላይ አልከራከርሽም። ሌላው 3,400 ኤከር ላይ ግን እምቢ እንዳልኩ ነኝ፣ ያልፈነዳው የከባድ መሳሪያ ተተኳሽ ያለው እዛ ውስጥ ነው።