ማስተካከያ፦ ስለ አሜሪካ ሲቪሊያን ኮንሰርቬሽን ኮር ወጣቶች ደመወዝ

ስለ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ቀደም ሲል ባቀረብነው ጽሑፍ፣ ሲቪሊያን ኮንሰርቬሽን ኮር (ሥራ አጥ ወጣቶችን በደንና በተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ ያሰማራ የነበረ የመንግሥት ፕሮግራም) እ.ኤ.አ. በ1935 የተቋቋመው የደብሊው ፒ ኤ (ለሥራ አጦች በሕዝባዊ ግንባታዎች ላይ ሥራ ይሰጥ የነበረ የመንግሥት መሥሪያ ቤት) ቅርንጫፍ እንደነበረና ወጣቶቹም በየወሩ 30 ዶላር በእጃቸው ይቀበሉ እንደነበር መግለጻችን ስህተት ነው። ኮሩ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ሲሆን፣ የተጀመረውም ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሥልጣን በያዙ በሳምንታት ውስጥ፣ በ1933 ነው። ከ30 ዶላሩ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰብ ይላክ ስለነበር፣ ቀኑን ሙሉ ችግኝ ሲተክልና የደን መንገድ ሲጠርግ ለሚውለው ወጣት በእጁ የሚቀረው 5 ዶላር ብቻ ነበር፤ ምግብ፣ ልብስና መኝታ ግን በካምፑ በነጻ ያገኝ ነበር። ይህን ስህተት አቅልለን አናየውም፤ ፕሮግራሙ የታሰበው ለወጣቱ ብቻ ሳይሆን፣ እቤት ሆነው የወሩን አስቤዛ ከእርሱ ለሚጠብቁ ወላጆችም ጭምር ነበርና። አንባቢዎቻችንን ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።