ቀን ቆራጮቹ ይመስገኑ

ደን የሚያጠፋ ሰው ዛፍ ይቆርጣል። ደን የሚያድን ደግሞ ቀን ይቆርጣል። ዛሬ ሁለተኞቹን ላመስግን፤ ልፋታቸውን የሚያይላቸው የለም። ዛፍ ቆራጭ ግንዱን አንዴ ከጣለው አለቀ። ቀን ቆራጭ ግን ያንኑ ቀን ደጋግሞ መቁረጥ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2014 መንግሥታትና ኩባንያዎች ኒውዮርክ ላይ ፈረሙ። የተፈጥሮ ደን መጥፋትን በ2020 በግማሽ እንቀንሳለን፣ በ2030 እናቆማለን አሉ። በዓመቱ የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች ሲጸድቁ እጃቸው ይበልጥ ተፈታ። መጨፍጨፉ ጭራሽ በ2020 ይቆማል ተባለ። 2020 መጣና ሄደ። ማን ደነገጠ? በ2021 ግላስጎው ላይ በአየር ንብረት ጉባኤ ከ140 በላይ አገሮች ብዕራቸውን አነሡ። በ2030 ይቆማል! ጭብጨባው ቀለጠ። ቀለሙ ሳይደርቅ የኢንዶኔዥያዋ የአካባቢ ሚኒስትር በ2030 ምንጠራን ዜሮ አድርጉ ብሎ ማስገደድ ተገቢም ፍትሐዊም አይደለም አሉ። እኔ እንዲህ ያለ ፍጥነት አደንቃለሁ። ሌላው ለማፈግፈግ ዓመታት ይፈጅበታል።

የአውሮፓ ኅብረትም ይመስገን። ከተመነጠረ ደን የመጣ ቡና፣ ካካዎ፣ አኩሪ አተርና የበሬ ሥጋ ገበያዬ አይገባም የሚል ሕግ በ2023 አወጣ። ሥራ መጀመሪያው የ2024 መጨረሻ ነበር። ወደ 2025 ተገፋ። ከዚያ ወደ 2026። መዘጋጃ ጊዜ ያስፈልጋላ! ዛፉም እስከዚያ ይዘጋጅ።

በዚህ መሀል፣ በ2024 ብቻ 6.7 ሚሊዮን ሄክታር ነባር የሐሩር ደን ጠፋ፤ ግማሽ ያህሉን እሳት ነው የበላው። ሲሰላ በደቂቃ 18 የኳስ ሜዳ ይሆናል። የመክፈቻ ንግግሩ አሥር ደቂቃ ከፈጀ 180 ሜዳ። ክቡራንና ክቡራት እያሉ እንግዶችን በስም መጥራቱን አልቆጠርኩም።

ይህን ወግ የማያውቁ ሰዎችም አሉ። ብራዚል ከ2004 እስከ 2012 የአማዞንን ምንጠራ ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰች። ግን እንዴት ባለ መንገድ! በሳተላይት እያየች። ተቆጣጣሪ ጫካ ድረስ እየላከች። ሕግ ላላከበረ ከብት አርቢ ባንክ ብድር እንዳይሰጥ እያደረገች። የነባር ሕዝቦችን መሬት እየከለለችና ለባለቤቶቹ እያጸናች። ጭቃ፣ ትንኝ፣ ቅጣት፣ ክስ። ከዚህ ውስጥ የትኛው ነው ፎቶ የሚያምርበት? እንደ ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ መፈረም እያለ!

2030 እየደረሰ ነው። ቀን ቆራጮቹ ከወዲሁ መጥረቢያቸውን እየሳሉ ነው። 2040ም በዜሮ ነው የሚያልቀው።