እርማት፦ ባላንስድ የሄድፎን መውጫ ጉርምርምታን አያስቀርም

ባላንስድ የሆነው፣ ማለትም ለግራና ለቀኝ ጆሮ ለየብቻ ሁለት ሁለት ሽቦ ያለው፣ የ4.4 ሚሊሜትር የሄድፎን መውጫ እንደ ማይክሮፎን ገመድ ጣልቃ ገብ ድምፅን ስለሚሰርዝ ከኮምፒውተር የሚመጣውን ጉርምርምታ ያጠፋል የሚል ሐሳብ በሰፊው ይነገራል፤ ይህን የሚሉትን ሰዎች ቅን ፍላጎት እያከበርኩ፣ ሐሳቡ ትክክል አለመሆኑን ማስረዳት እወዳለሁ።

በማይክሮፎን ገመድ ጣልቃ ገብ ድምፅ የሚሰረዘው፣ ምልክቱን የሚቀበለው መሣሪያ በመግቢያው ላይ የሁለቱን ሽቦዎች ልዩነት ብቻ ስለሚያነብና በሁለቱም ላይ እኩል ያረፈውን ስለሚጥል ነው። የሄድፎን ገመድ ግን ይህ ችግር ከመነሻው የለበትም፤ የድምፅ ማጉያው (አምፕሊፋየሩ) ገመዱን በዝቅተኛ ኢምፔዳንስ (ለተለዋዋጭ ጅረት ባለ አነስተኛ ተቃውሞ) ስለሚነዳው፣ ባላንስድ ባልሆነው ተራ መውጫም ቢሆን ገመዱ ከአካባቢው የሚለቅመው ድምፅ ከቁጥር አይገባም። የባላንስድ መውጫ እውነተኛ ጥቅም ሌላ ነው፦ ግራና ቀኙ አንድ የግራውንድ (የጋራ ዜሮ ቮልቴጅ) መመለሻ ሽቦ ስለማይጋሩ የአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው መፍሰሱ ይቀንሳል፣ ቮልቴጁም እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

ጉርምርምታው አብዛኛውን ጊዜ ከማጉያው በፊት፣ በዩኤስቢና በቻርጀር በኩል በሚፈጠር የግራውንድ ዙር (መሣሪያዎች ከአንድ በላይ በሆነ የግራውንድ መንገድ ሲገናኙ በዚያ የሚዞር አላስፈላጊ ጅረት) ይገባል፤ ማጉያውም ከሙዚቃው ለይቶ ሊጥለው አይችልም። ለማረጋገጥ ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅሎ በባትሪ ብቻ ማድመጥ ነው፤ ድምፁ ከጠፋ፣ ለአዲስ ባላንስድ ገመድ የሚወጣው ገንዘብ መፍትሔ አያመጣም።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ አስማሚው ነው። በባላንስድ መውጫ ላይ የግራና የቀኝ አሉታዊ ሽቦዎች ግራውንድ ሳይሆኑ በየራሳቸው ማጉያ የሚነዱ ስለሆኑ፣ ሁለቱን አገናኝቶ ወደ ተራ የ3.5 ሚሊሜትር ጃክ የሚቀይር አስማሚ መሣሪያውን ሊያቃጥል ይችላል።