ከእቅፉ በኋላ ያለውንም አሳዩን

በዩቲዩብና በቲክቶክ የሚለቀቁ አጫጭር ድራማዎች አብዝተው የሚወዱት አንድ መጨረሻ አላቸው። የጠፋው ልጅ ይመለሳል። እናት የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች። ዋሽንት ይገባል፣ ምስሉ ይዘገያል፣ ይተቃቀፋሉ። አለቀ።

ጎጃም ውስጥ ቡና ላይ ስልክ እየተቀባበሉ ይህን የሚያዩ ሰዎች ከልባቸው ያለቅሳሉ። እኔም አለቅሳለሁ። ቢለቀስም አይገርምም። እዚህ ሰው የማይጠብቅ ቤት ማግኘት ይከብዳል። የአንዷ ልጅ አረብ አገር ናት፤ የሌላዋ ለቅኔ ትምህርት እንደወጣ አልተመለሰም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ ጦርነቱ መንገድ እየዘጋ ደብረ ማርቆስ ያለው ባሕር ዳር ያለ ወንድሙን እንደልቡ መጠየቅ አልቻለም። የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት በስልክ መተያየት እንኳ ቀርቶ ነበር።

ስለዚህ እንባው በዛ ብዬ አልከስም። የሚያናድደኝ ታሪኩ ገና ሊጀምር ሲል ድራማው ማለቁ ነው።

የደርግ ጊዜ ዘማቾችን እናስብ። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ዓ.ም. ወጣ፤ ብዙ የገበሬ ልጅ ወደ ሰሜን ሄደ። አንዱ ሞተ ተባለ እንበል። መርዶው ተነገረ፣ ተለቀሰ፣ በ40ኛው ቀን ተዝካሩ ወጣ። ይህ ሰው ከዓመታት በኋላ ደጅ ላይ ቢቆም ማን ሮጦ ያቅፈዋል? መጀመሪያ «የማን ልጅ ነህ?» ይባላል። የልጅነት ጠባሳው ይፈለጋል። እሱነቱ ሲታወቅ እልልታውና ለቅሶው ይደባለቃል፣ ጎረቤት ይሞላል፣ እግሩ ይታጠባል። እናቱ ቆማ ከማልቀስ ይልቅ ጓዳ ትገባለች። ልጇ ሳይበላ እንዴት ብላ ታልቅስ!

ከዚያስ? ሚስቱ አግብታ ወልዳለች። በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ እሱ ከሟች ተቆጥሯል። የመሬት ደብተሩ ላይ ስሙ የለም። ወንድሞቹ በመምጣቱ እውነተኛ ደስታ ተሰምቷቸዋል፤ ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ሁለቱም ስሜት በአንድ ልብ ውስጥ አለ፤ ይህን ፊቱ ላይ የሚያሳይ ተዋናይ ባገኝ ደጋግሜ አየው ነበር። በእኛ አገር መሬት ስንት ወንድማማች እንዳጣላ የማያውቅ የለም። ድራማ ሠሪዎቻችንም ያውቃሉ፤ ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸው።

ጊዜ አይበቃም ይሉ ይሆናል። አምስት ደቂቃ ግን ትንሽ አይደለም። አሁን እኮ ግማሹን የሚበላው ሩጫውና ዋሽንቱ ነው። እቅፉን መጀመሪያ ላይ አድርጉት፣ ግማሽ ደቂቃ ይበቃዋል። የቀረውን ለሁለቱ ወንድማማቾች ስጡ። ጎረቤቱ ከተበተነ በኋላ የመሬቱን ነገር ማን ቀድሞ እንደሚያነሳ እንይ።