ሎሚ ድድ ላይ አይታሽም

"ድድ ሲደማ ሎሚ ቆርጦ ማሸት ነው" ያልሽው ልክ አይደለም እህቴ። እዚህ ደሴም የሚያደርገው አለ፣ ግን ይጎዳል። ቫይታሚን ሲ ድድን የሚጠቅመው ሲበላ ነው፤ ሰውነት የድድን ሥጋ አጥብቆ የሚይዘውን ኮላጅን የሚሠራው በሱ ነው፣ ሐኪሙ ጄምስ ሊንድም በ1747 እ.ኤ.አ. ድዳቸው የበሰበሰ መርከበኞችን ብርቱካንና ሎሚ አብልቶ ነው ያሻላቸው። ስታሺው ግን አሲዱ የጥርስሽን ሽፋን ይበላዋል፣ ያ ሽፋን ደግሞ አንዴ ካለቀ አይተካም! አብዛኛው የድድ መድማት የሚመጣው ከቫይታሚን እጥረት ሳይሆን ጥርስና ድድ መገናኛ ላይ ከሚከማች ቆሻሻ ነው። የመርሳ ከተማን ብርቱካን ብይ፣ ጥሬ ቃሪያም ቫይታሚኑ ሞልቶታል። ከዚያ በውኃ ተጉመጥመጪ፣ ለመቦረሽ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዪ። መድማቱ ካልቆመ ጥርስ ሐኪም ጋ ሂጂ።